ደመወዝ የሌላት ፖሊስ ካሳ አገኘች

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና እማዬ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ሰላምታውን አሳጠርኩብህ፤ የምነግርህ ወሬ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ካሳው ተፈቀደልኝ! ሐኪሙ ለእግሬ ያዘዘውን ቀዶ ሕክምና ኢንሹራንሱ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። እስክድን ደግሞ በየወሩ ይከፍሉኛል። እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ምን መጣ ብሎ ግር ብሎ ወጣ።

መጀመሪያማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከልብስ ስፌቴ መልስ በፈቃደኝነት ፖሊስ ሆኜ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች ሳሻግር ሞተር ገጭቶኝ ማምለጡን ታውቃለህ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደመወዝሽ ስንት ነው አለኝ። የለኝም አልኩት። ታዲያ በምን አስልተን እንካስሽ ብሎ ፈገግ ሲል ደሜ ፈላ። አብሮኝ የሄደው አለቃችን ግን ጠረጴዛውን መታና፣ ፈቃደኛ ናት ተብሎ አጥንቷ ሳይሰበር ቀርቷል ወይ አለው። ለካ አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ፈቃደኛም በሥራ ላይ ከተጎዳ እንደ መደበኛ ፖሊስ ይታሰብለታል። አየህልኝ፣ ደመወዝ ሳይኖረኝ ደመወዜ ተሰላ!

ከሁሉ ደስ ያለኝን ልንገርህ። ገጪው ካልተያዘ ሳልታከም እቀራለሁ፣ የስፌት መኪናዬንም ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። ለካ ተያዘም አልተያዘ ካሳው አይቀርም። መርማሪዎቹ ፊቱን አይተሻል ወይ ሲሉኝ፣ እኔ የማየው ልጆቹን ነበር አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። አሁን ማንም ማንንም አይፈልግም።

እማዬ ግን ባንተ ነገር እንቅልፍ አጥታለች። እኔ በተገጨሁበት ሳምንት ሥራ አገኘሁ ብለህ እብስ ካልክ ወዲህ ስልክ እንኳ አትደውልም። ልጄን ምን አስቀየምኩት እያለች ትጠይቀኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ፤ እኔም የምላት እያለቀብኝ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ ናልኝ። ስነቃ አጠገቤ አንተን ማየት እፈልጋለሁ። የተናደድኩበት ጊዜ ነበር፣ አልዋሽህም፤ አሁን ግን ወጥቶልኛል።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ

በአውቶቡስ ና። ሞተርህን ፍሬኗን ሳታሠራ እንዳትነዳት፤ እዚያም መንገድ የሚሻገሩ ልጆች አሉ።