በኮቱ ገበር ውስጥ የተሰፋው ካርድ

ለእትዬ፣ በእናታችን ቦታ ለቆምሽልኝ፤

እንዴት ከርመሻል? ሳልጽፍልሽ የከረምኩበትን ጊዜ ሁሉ ደምሬ እንዴት ነሽ እልሻለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደገፊያለሽ ወይስ ያ ቅባት ፈየደልሽ? ጋሼስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ባለፈው በስልክ ሲያስሉ ሰምቼ፣ እኔ ነኝ እንዴ የማስለው ብዬ የገዛ ጉሮሮዬን ነካሁ። ትልቋ ልጅሽ፣ ባሏ፣ ያ አፈ ጮሌው የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ከደጅ እስከ ጓዳ ይድረስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄን ከፍቼ እዘጋለሁ ማለቴ ነው። 

ስትደውዪ ሁለት ቃል ተናግሬ የምዘጋብሽ ጠልቼሽ አይደለም። መርፌ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ሚስቴን መርፌ ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺው ነሽ፤ ቀጭን ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷም ትንሽ ይወጋል ብለሽ። ዛሬ በስሟ ስጠራት ዝም ትላለች፤ መርፌ ካልኳት ግን ቀና ትላለች። ስለዚህ እኔም በዚሁ ቀጥያለሁ። ስለ እሷ በስልክ ሳወራ ሰምታ፣ ማን ነው የታመመው ትለኛለች።  ዛሬ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ጋ አስቀምጫት፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

የላክሽልኝ ሸሚዝ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እጅጌው ትንሽ ረዝሞብኝ ነበርና መርፌ አሳጠረችው። በማግስቱ ማሳጠሯን ረስታ ደግማ አሳጠረችው። አሁን ክርኔ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ለብሼዋለሁ፤ ደንበኞቼ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለኝ። እንደማይመለስም ነገረኝ፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ይህን ሲነግረኝ የክፍሉን በር ቁልፍ እያየሁ ነበር። ርካሽ ቁልፍ ነው፣ በካርቶን ቁራጭ የሚከፈት። ተናግሮ ሲጨርስ፣ ዶክተር፣ ይህን ቁልፍ ያስቀይሩት አልኩት። ሰውየው ደንግጦ አየኝ። ምን ይፈረድበታል፣ የሚስቱን ነገር ሲነግሩት ስለ በር የሚያወራ ባል ገጥሞት አያውቅም።

እንባ የለም እትዬ። አንቺ ስልኩ ላይ ስታለቅሺ እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እስክትጨርሺ እጠብቅሻለሁ። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ ማለት ነው የሆንኩት፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ ስነካው ግን የኔ አይመስለኝም።

አሁን ወደተጣላንበት ነገር ልምጣ። የባንክ ካርዷን ቀምተህ ውሰድ፣ ባል አይደለህም እንዴ አልሽኝ። ፍርድ ቤት ሄደህ ጨርሰው ብለሽም ተቆጣሽ። ልክ ነሽ። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂብኝ።

የሥራዬን ጠባይ ታውቂያለሽ። የሰው ካዝና ሲበላሽ እኔ እጠግናለሁ፣ ቁጥሩን የሚያስገባው ግን ባለቤቱ ነው። ያን ጊዜ ጀርባዬን አዞራለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዲህ ነበር የሚሉኝ፦ ሙሉ ጀርባህን ስጥ፣ እጆችህን ወደ ኋላ አጣምር፣ ዐይንህን መሬት ላይ ትከል፣ የቁጥሩን ድምፅ እንዳትቆጥር ደግሞ ቀስ ብለህ አፏጭ። ይህን ሁሉ ዘመን ያኖረኝ ይኸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቁልፉ እያለ ቤቱን ለኔ ሰጥቶ የሚሄደው ስላፏጨሁ ነው።

መርፌ የባንክ ካርድ ያወጣች ቀን ይህንኑ አስተማርኳት። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእህቴም፣ ለኔም አልኳት። ለኔም ስላት ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር። አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል እንዳልጠረጥርሽ፣ አንቺም እንዳትጠረጥሪኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ማውጫው ማሽን ጋ አብረን ስንሄድ እሷ ቁጥሩን ትነካለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አፏጫለሁ። ሰልፍ የያዘው ሰው ያየናል። እሷ በሃፍረት በቦርሳዋ ትገፋኛለች፣ ምን ዓይነቱ ሰውዬ ነው ያጋጠመኝ ትላለች። እኔ አፏጫለሁ።

ሂሳቡ በእሷ ስም ነው። የልብስ ፋብሪካው ደሞዟን የሚያስገባላት እዚያ ነበር፤ አሁን ጡረታዋ ይገባበታል። የሱቁንም ገቢ እሷ ነበረች ወስዳ የምታስገባልኝ፤ እኔ የባንክ ሰልፍ ሞቴ ነው። ኪራዩም፣ መድኃኒቷም ከዚያው ይወጣል። ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የሰፈሩን በር ሁሉ የምከፍት ሰውዬ የቤቴን ገንዘብ መክፈት አቃተኝ። ብትስቂ አልቀየምሽም።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ስልኳ ጮኸ። የሚደውለው ሰው ከባንክ ነኝ ይላል። ካርድዎ ሊዘጋ ነው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝና ላድንልዎ አላት። ከዘጋኸው ዝጋው አለችው። ገንዘብዎ ሊጠፋ ነው አላት። ለባሌ ያልነገርኩትን ላንተ ልነግርህ ነው፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ አለችው። ቢለማመጣት፣ ቢያስፈራራት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እናትህ ይህን ሥራህን ታውቃለች ወይ ብላ ስትይዘው ዘጋባት። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጤነኛ ሰዎች እኮ በዚህ ዓይነት ስልክ ስንት ዓመት ያጠራቀሙትን አስረክበዋል። ኮራሁባት። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞራ፣ የደወልከው አንተ ነህ እንዴ አለችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት። ምግቤንም ጨረስኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ካርዱ ከቦርሳዋ ጠፋ። ፍራሹን አነሳሁ፣ ቁም ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ የስኳር ጣሳው ውስጥ ሳይቀር እጄን ከተትኩ፤ የለም። በኋላ ቡናማ ኮቷን ስሰቅል ከታች ጠርዙ ላይ ጠንካራ ነገር ዳሰስኩ። ከገበሩ ውስጥ ሰፍታዋለች። ስፌቱን ብታዪው እትዬ፣ ክሩ የቱ ጋ ገብቶ የቱ ጋ እንደወጣ አይታወቅም። መቀስ አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ካርዱን ባወጣውስ ያለ ቁጥሩ ምን ይሠራልኛል?

ቁጥሩን ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኳት። የኮቷን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ፈራችኝ። እሷ፣ እኔን። ከዚያ በኋላ ስለ ካርድ አላነሳሁም።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ብቻዬን ባንክ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፤ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። ባለሂሳቧ ራሷ መጥታ ውክልና ካልሰጠችኝ ምንም ማድረግ አይቻልም አለችኝ። መፍቀድ የማትችል ከሆነ ደግሞ በሐኪም ማስረጃ ፍርድ ቤት አመልክቼ፣ ሚስቴ የራሷን ነገር አታውቅም ብዬ ፈርሜ፣ ሞግዚቷ ተብዬ መምጣት አለብኝ። የማመልከቻውን ቅጽ ይዤ መጣሁ። በልጅቷ አልተቀየምኩም። እኔም ወንበሯ ላይ ብቀመጥ ይህንኑ ነበር የምለው።

መጀመሪያ የቀለለውን ልሞክር ብዬ በማግስቱ መርፌን ይዣት ሄድኩ። ልጅቷ እጇን ያዝ አድርጋ፣ እማማ፣ እኚህ ባለቤትዎ ናቸው? በሂሳብዎ እንዲያዙ ይፈቅዱላቸዋል? አለቻት። መርፌ ዞራ አየችኝ። ከትከሻዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ፣ ልብስ ልትለካልኝ ይመስል። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ደህና ሰውዬ ነው፣ መንገድ ያሻግረኛል፣ ባሌ ግን አይደለም አለች። ልጅቷ ወረቀቷን ማስተካከል ያዘች። እኔ አመሰግናለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስንወጣ የበሩ ማጠፊያ ሲጥ ሲል ሰማሁና፣ ዘይት ቢጠጣ ይህ ሁሉ ጩኸት የለም አልኩ በልቤ። በልቤ የነበረው ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

ማሽኑ ያለው ከባንኩ ደጃፍ ነው። መርፌ እሱን ስታይ ቆመች። የፋብሪካው ልማዷ መጣባት መሰለኝ፤ ደሞዝ በገባ ቁጥር ከሥራ ስትወጣ ጎራ የምትለው እንዲህ ያለው ማሽን ጋ ነበር። ከቦርሳዋ ያቺን ትንሽ መቀሷን አወጣች፣ የኮቷን ጠርዝ ገለበጠች፣ ስፌቱን ጥቂት ተርትራ ካርዱን መዘዘችው። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ዞር በል አለችኝ።

ዞርኩ። እጆቼ ራሳቸው ወደ ኋላ ሄደው ተጣመሩ፣ ዐይኔም መሬት ያዘ። ሳላስበው ማፏጨት ጀምሬያለሁ። ከኋላዬ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ሲል ይሰማኛል። እሷ አላመነታችም፣ መልሳም አልጀመረችም። የልጅነት ጓደኞቿን፣ የቤታችንን መንገድ፣ እኔን የረሳች ሴትዮ እጇ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ አልተደናገረም። ብሩ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ። አሁንም አልዞርኩም፤ ሲሉኝ ነው የምዞረው።

መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ባሌም እንዲህ ነው የሚያፏጨው አለችኝ።

እትዬ፣ እዚያ መንገድ ላይ፣ ያ ደነዘዘ ያልኩሽ ነገር አንዴ ነቃብኝ። አመመኝ። ብዙ አልቆየም፤ ፋርማሲ እስክንደርስ መልሶ ደነዘዘ። ግን አመመኝ፣ በማመሙም ደስ አለኝ። ቤት ስንገባ ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ካርዱን መልሳ ሰፋችው፤ እኔ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባሁላት። ይህን ትፈቅድልኛለች።

ስለዚህ ቅጹ አሁንም የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልፈረምኩበትም። አንድ ቀን ጣቷ ቁጥሩን ይረሳ ይሆናል። ያን ቀን እፈርማለሁ፤ አንቺ ቃሌን ያዢ። ሞኝነት ነው ትይኛለሽ። መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ዛሬስ ባትችል እያልኩ እንደምሄድ እኔም አውቃለሁ። ግን የራሷን ነገር አታውቅም ብዬ እንዴት ልፈርም? እኔ ያስተማርኳትን አንዲት ነገር ከኔ ከራሴ እየጠበቀችልኝ ነው። አትቆጪኝ።

ለጋሼ፣ ሳሉ በትኩስ ውሃ ብቻ አልለቅ ካላቸው ሐኪም ይያቸው ብሏል በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽና ለባሏ ከልብ ሰላምታ። ለአፈ ጮሌው፣ የጠየቀኝን ባለ ሁለት ቁልፍ ጓጉንቸር ሠርቼለታለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይደርሰዋል፣ አንዱን ቁልፍ አንቺ ያዢለት። የግቢያችሁን ዘበኛም ሰላም በይልኝ። ፀጉር ሠሪዋም ሳታውቅሽ ሰላም ትልሻለች።

ይህን ስጽፍ መርፌን አመጣችልኝ። ፀጉሯን አሳምራላታለች። ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ለማን ነው የምትጽፈው አለችኝ። ለእህቴ አልኳት። እንግዲያውስ ለባሌም ጻፍልኝ አለችኝ። ምን ብዬ አልኳት። የኮቷን ጠርዝ ዳሰስ አድርጋ፣ ቁጥሩን ለማንም አልነገርኩም በልልኝ አለች።

ጽፌለታለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቁልፍ ቤቱ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን