የሻለቃ ልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ሳለ

ለማይሰማኝ ልጄ፣ ለቁልፌ፤

እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ልጆቹን ሳሉ ተዋቸው? እኔ ደህና ነኝ። «ቁልፌ» ብዬ ስጠራህ አርባ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው እንደሚያሳፍር ለእህትህ ነግረሃታል አሉ። የሸሚዝ ቁልፍ ውጠህ ሦስት ቀን ሙሉ ፖፖህን ስበረብር የከረምኩት እኔ ነኝ። በዚያ ስም የመጥራት መብቴን በላቤ ነው ያገኘሁት።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። እህትህ እሑድ ይዛው መጣችና፣ መነጽሬ ከአጠገቤ ስላልነበረ፣ እሷው አነበበችልኝ። ቤቱን እሷ እንድትሸጠው ውክልና ስጪ ነው ነገሩ። ሦስት ቅጂ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሉክ፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ የምፈርምበት ቦታ በቀይ እስክርቢቶ ተከቦ። ነገር ሳላንዛዛ መልሴን ላስቀድም፤ አልፈርምም። ወይ ፍንክች! ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልህ ስለምወድህ ነው፤ ሐሳቤን የምቀይር መስሎህ በከንቱ እንዳትጓጓ።

ከወረቀቱ ጋር የጻፍከውንም ሰምቻለሁ። አባትህን የቀበርን ሰሞን «ሻለቃ በሕይወት እያለች ከዚህ ቤት አልወጣም» ማለቴን አልረሳህም፤ ጎሽ። ግን እንዲህ ብለሃል፤ «እማዬ፣ ኤሊዋ እኮ አርጅታለች። ቢቀራት አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። እሱን ደግሞ እህቴ ቤት በሳፋ ውስጥ ትጨርሰዋለች። ለእሷ ብለሽ ብቻሽን አትቀመጪ።» በሳፋ! ሠላሳ አራት ዓመት ጓሮ ያስተዳደረችን ኤሊ በሳፋ!

አርጅታለች ያለህ ማን እንደሆነ ደግሞ አላጣሁትም። ያ እህትህ ያመጣችው ደላላ ነው። ግድግዳውን በጣቱ እየቆረቆረ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ ቤቱን ዞረና ጓሮ ወጣ። ሻለቃን ብድግ አድርጎ ጀርባዋ ላይ ያሉትን መስመሮች መቁጠር ጀመረ።

«የኤሊ ዕድሜ እኮ እንደ ዛፍ ነው፣ እናቴ። አንድ ቀለበት አንድ ዓመት። ይኸው ስድሳ አለፍኩ። ይቺ ከርሞን አታይም።»

«እሷን ቆጥረህ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር እንዳትል» አልኩት።

እሱ ሲስቅ ሻለቃ ሱሪው ላይ ለቀቀችበት። ኤሊ ከመሬት ሲያነሷት ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ትሸናለች። አንተ ታውቀዋለህ፤ ስንት የትምህርት ቤት ሱሪህን አጥቤልሃለሁ። ሰውዬው እያራገፈ ወጣ። ያን ቀን ቤት ያለውን ቅጠል በሙሉ ለእሷ ሰጠኋት።

ቢሆንም «ከርሞን አታይም» ያላት ነገር ከነከነችኝ። ሐሙስ ጠዋት በስፌት ቅርጫቴ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኳትና፣ የጋዜጣ ጥቅሌን በብብቴ ይዤ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ይህን ለእህትህ ንገርልኝ። የምወርድበትን ፌርማታ ብቻ ሹፌሩ ነግሮኛል። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ውሻና ድመት ይዟል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምን ይዘው ነው?» ብትለኝ «ሻለቃ» አልኳት። ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግ ሰማሁ።

ሐኪሟ በድምፅዋ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ግን የባለሙያ ነው። እኔ እጅ አውቃለሁ።

«ስንት ዓመቷ ነው፣ እናቴ?»

«ውይ፣ እኔማ እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ደላላ በቀለበቷ ቆጥሮ ስድሳ አልፏታል አለ።»

ሳቀች። «ቀለበት ዓመት አይናገርም። በጠገበችበት ዓመት ሁለት ያወጣል፣ በከፋት ዓመት አንድም ላያወጣ ይችላል፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ይፋቃል። ካልተመዘገበ በስተቀር የኤሊን ዕድሜ በትክክል አውቃለሁ የሚልዎትን ሰው አይመኑ። ስትመጣ ምን ያህል እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው አለ?»

ይሄኔ ጥቅሌን ፈታሁት።

ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም። ሰባት ዓመትህ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮፍያህን በሁለት እጅህ አቅፈህ ገባህ፤ ውስጡ እሷ ነበረች። እኔ የደንበኛ ካፖርት ልቆርጥ ጋዜጣ ላይ እየነደፍኩ ነበርና፣ ያን ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ ስለምለካ፣ ጋዜጣው ላይ አስቀምጬ ዙሪያዋን ነደፍኳት፤ ቀኑንም ጻፍኩበት። አንተ «የእኔስ?» ብለህ አለቀስክ። እጅህን አጠገቧ አስቀምጬ የአንተንም ነደፍኩ። መዳፍህና እሷ እኩል ነበራችሁ። አባትህ ጀርባዋን አይቶ «ይሄማ የብረት ቆብ ያደረገ ሻለቃ ነው» አለ፤ በኋላ እንቁላል ስትጥል እንኳ «ማዕረጓ አይነሳም» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓመቱ፣ ዝናብ ሲያቆም፣ ልኳን እወስዳለሁ። አስራ ሦስቱ ጋዜጣ ላይ እጅህ ከጎኗ አለ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላህ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጋዜጣ ላይ እሷ ብቻዋን ናት።

ሐኪሟ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ብዙ ጊዜ ወሰደች። መጀመሪያ አካባቢ ከዓመት ዓመት በጣት ስፋት ታድጋለች፣ በኋላ መስመሩ በመስመር ላይ ይወድቃል። «እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም» አለች። ኮራሁ፤ ለምን እደብቅሃለሁ። ከዚያ የመጀመሪያዋን ልክ በማስመሪያ ለካችና፣ ወደዚህ ቤት ስትመጣ አምስት ዓመት ገደማ ነበረች፣ ቢበዛ ስድስት አለችኝ። ሠላሳ አራት ሲደመርበት ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ግምት ነው ብላኛለች፤ እኔ ግን ወስጄዋለሁ። እኩያህ ናት ማለት ነው፣ እንዲያውም ሳትቀድማት አትቀርም። እሷ አርጅታለች ካልክ አንተም ሻንጣህን ሸክፍና እህትህ ቤት ሳፋ ውስጥ ግባ።

«ታዲያ ስንት ዓመት ቀራት?» አልኳት።

«በደንብ ከተያዘች ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ምንም አይላትም።»

አርባ ዓመት፣ ቁልፌ! ደላላህ እስከዚያ ይጠብቅ።

ሁሉም ምስጋና እንዳይመስልህ፤ ተቆጥታኛለችም። ጀርባዋን እየዳሰሰች «ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» አለችኝ። «የስፌት መኪና ዘይት ነው፣ በየወሩ እወለውላታለሁ» ስላት ጣቷን ጠረገች። «እናቴ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም።» ዘይት አያስፈልጋትም፤ ቆሻሻ ይይዝባታል፣ ሊጎዳትም ይችላል። ጥፋቴ ነው፤ ለካ ዘይቱን ሳነሳ አንገቷን የምታስገባው ጠልታው ነበር። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያሉትን ጉብታዎች እያሳየችኝ በልጅነቷ ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀችኝ። «ዳቦ» አልኳት። ምሳህን ግማሹን ለእሷ ታመጣላት እንደነበር ነገርኳት። እንዲህ ያለ ጉብታ ብዙ ጊዜ ከምግብ ነው አለች፤ አሁን አይድንም፣ ግን አያማትምም። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ከትቼ ጉብታዎቿን ስዳስስ መጣሁ። አንጀቴን በላኸው።

ከእንግዲህ ዳቦ የለም። ሳርና ልዩ ልዩ ቅጠል ነው፤ ጎመን ብቻ ማብዛት አይጠቅማትም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ አድቅቄ እነሰንስበታለሁ። ውሃዋ በዝርግ ሰሃን ነው። የጠዋት ፀሐይ፣ ሲከርርባት የምትገባበት ጥላ፣ የምትቆፍረው አፈር ያስፈልጋታል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው እህትህ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው? ደግሞ ኤሊ ከፍታ አታውቅም። በረንዳው ጫፍ ድረስ ሄዳ አንድ እርምጃ ትጨምራለች።

ልወጣ ስል ሐኪሟ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። «ከእርስዎ በኋላ ማን ይይዛታል?» ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቁጥር አይጠፋኝም። እስከዚያ ድረስ አርባ ዓመቱን ሳስብ የሻለቃን ብቻ ነበር የማስበው። ፈራሁ፣ ልጄ። ከዚያ «ልጄ» አልኳት። ስምህን መዝግባዋለች። አላማከርኩህም። አንተም ቤቴን ልትሸጥ ስትነሳ አላማከርከኝም።

አሁን ወደ እህትህ ወሬ ልግባ። ወደቀች ብላህ ከሆነ አልወደቅኩም፤ ደረጃው ላይ ሳላስበው ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ብየዳ ሠሪ መጥቶ የብረት መደገፊያ አድርጎልኛል። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ሻለቃ ጥግ የተወጠረውን ገመድም አይታ ጠይቃኛለች። የልብስ ማስጫ ነው ብያታለሁ። ልብስ በወገብ ቁመት አይሰጣም አለች፤ ይሰጣል አልኳት።

ዓይኔን በተመለከተ፣ ጭጋግ ነው እንጂ ጨለማ አይደለም። ይህን የምጽፈው የልብስ ማስመሪያዬን ከሥር እያስያዝኩ ነው፤ መስመር ያለፈ ካለ እሱ ተንሸራቶ ነው። ባለፈው ወር እህትህ ዘንድ ሦስት ቀን ከርሜ ነበር። ልጄ ደግ ናት፣ ምንም አላጎደለችብኝም። ግን ግድግዳው ሁሉ አንድ ነው። መጸዳጃ ቤት ብዬ የከፈትኩት ቁም ሣጥን ነበር፤ ባሏ ኮቱን ሊያወጣ መጥቶ እኔን አገኘኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ሴት በገዛ ልጄ ቤት እጄን ዘርግቼ ስሄድ ያንገበግበኛል። እዚህ ከአልጋዬ እስከ ስፌት መኪናዬ ስድስት እርምጃ ነው፣ ከመኪናዬ እስከ በሩ አራት። ቁልፎቼን በጣቴ ለይቼ እተክላለሁ። ሻለቃ ቅጠል ስትረግጥ የት እንዳለች አውቃለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ዓይን አያስፈልገኝም። ቤቱን ከሸጣችሁት ያን ጊዜ ነው የምታወረው። ይኸው ቃሉን ራሴው ተናገርኩት፤ እናንተ አትድገሙት።

የዓይን ሐኪሙንም አልሸሽም። ቀጠሮ አለኝ፣ በራሴ እግር እሄዳለሁ። ከዚያ ወጥቼ የምገባው ግን እዚህ ነው። የምትጨነቅልኝ ከሆነ መጥተህ ጎንበስ ብለህ የጓሮውን አጥር ጠግንልኝ፤ በስተግራ በኩል ሻለቃ ልታልፍ የምትችልበት ቀዳዳ አለ። ለአባትህ ቀብር መጥተህ አራት ቀን ስትቆይ አንድም ጊዜ ጓሮ አልወጣህም።

አሁን የያዝከውን ገልብጠው። ደብዳቤዬን የጻፍኩት በላክኸው ውክልና ጀርባ ላይ ነው፤ ስድስቱም ሉክ አልቋል። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ልጥለው አልጨከንኩም። በመጨረሻው ሉክ ላይ፣ ያ ቀይ ክብ ባለበት ፊት፣ የዘንድሮውን የሻለቃን ልክ ነድፌዋለሁ። ክቡ ሆዷ ሥር ገብቷል። መሃል ላይ ሸሽታኝ ስለነበር በአንድ በኩል መስመሩ ወጣ ብሏል። የአንተን ልክ ከወሰድኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እጅህን መሃሏ ላይ አስቀምጥና ዙሪያውን በእርሳስ አስምረህ መልሰህ ላክልኝ። ጥቅሌ ውስጥ አኖረዋለሁ።

የተሰፋልህ ሁሉ በልክህ ይሁን። የገባህበት ቤት አይጥበብህ፣ የወጣህበት ደጅ አይዘጋብህ። ልጆችህ ከአንተ በላይ ይደጉ፤ እንደ አንተ ግን አይራቁ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እናትህ፣ ያልፈረመችው

እርሳሱን ጫን አድርገህ አስምረው። በጣቴ እንዳገኘው።