ከአንድ ቤት አንድ ቀዛፊ

ጥር 14
ተራ ቀን። ቢሮ፣ ፋይል፣ ምሳ ሽሮ። ግን ባይሳ ምሳ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የጀልባ ቀዘፋ ክበብ እንመስርት።» ካዛንቺስ ላይ! ሐይቅ የት አለና? «እሁድ እሁድ ቢሾፍቱ እንሄዳለን በቃ። አጎቴ ጀልባ አለው።» የቢሾፍቱ ልጅ ነው፤ ሳይራመድ የቀዘፈ ነው የሚመስለው። ሳቅንበት። ከሰዓት ግን አንድ ደብዳቤ ሦስቴ ተሳሳትኩ። እብድ ነኝ እንዴ?

ጥር 18
ሄድን!!! ስምንት ሆነን፣ ከሜክሲኮ በኮንትራት ሚኒባስ። መጀመሪያ ባለንበት ዞርን፣ ዞርን... «ግራሽን ሩሐማ! ግራሽን!» ባይሳ ይጮሃል። የቱ ነው ግራዬ? ከዛ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሁላችንም እኩል ሳብን። ጀልባዋ ሸተት አለች። ጮህኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ የሳቅኩት መቼ ነበር?

እማዬን «ስልጠና አለብኝ» ብዬ ነው የወጣሁት። ብቻዋን ስትውል አንጀቴን ትበላዋለች። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት... ቤት ልከራይ ብዬ የተውኩትም ለእሷ ነው። እንዴት ጥያት እወጣለሁ?

ጥር 22
ክበባችን መተዳደሪያ ደንብ አለው! የጻፉት ጋሽ አረጋዊ ናቸው። ከእኛው ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የእድር ጸሐፊ የነበሩ። ካዛንቺስ ሲፈርስ እድርተኛው ተበታተነ፤ እሳቸውም ሥራ ፈቱ። «ደንቡን ለእኔ ተዉት» አሉ፣ በአራት ቀን አሥራ አራት ገጽ! ማኅተም ሳይቀር አስቀርጸዋል። ማን ያነባል? ፈረምን፣ አጨበጨብን።

ጥር 24
አነበብኩት። ወይ ጉድ! የእድሩን ደንብ ነው እኮ የገለበጡት! «ድንኳን» የሚለውን እየሰረዙ «ጀልባ»። አንቀጽ ሰባት፦ «ጀልባ ሲተከል ያልተገኘ አባል ይቀጣል።» ጀልባ ይተከላል እንዴ? ትራስ ነክሼ ሳቅኩ።

ከዛ አንቀጽ አራት። «አባል የሚሆነው የቤተሰብ ኃላፊ ነው። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይገኛል። ያላገባ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚኖር ከሆነ በወላጁ ይጠቃለላል።» ከስምንታችን ከወላጅ ጋር የሚኖር ማን ነው? እኔ! እኔ ብቻ!

ጥር 25
ሐይቁ ዳር ቀረሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የለቅሶ ደንብ ነው ያመጡልን» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ማኅተሙን በእጃቸው ይዘው ሲያዩኝ አቃተኝ። ሌሎቹም አቃታቸው። «ልጄ፣ እስከ ጉባኤው ደንቡ አይነካም። እናትሽን አስመዝግቢና በተወካይነት ትገቢያለሽ» አሉኝ። ጉባኤው የካቲት 16 ነው። እሺ በቃ!

ጥር 27
ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ስልጠና» ያልኩት ውሸት መሆኑንም። «አንቺ ቀጣፊ!» አለችኝ። ከዛ «ፊርማ ብቻ ነው?» አለች። ፊርማ ብቻ ነው እማዬ።

የካቲት 2
ፊርማ ብቻ!? ከቂርቆስ ቅዳሴ ወጥታ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። «የፈረምኩበትን ልየው ብዬ ነው።» ደረስን፣ አየችው። ከዛ «እስቲ አንዴ ልሞክር» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ላይፍ ጃኬቱን ከላይ ደርባ... ጋሽ አረጋዊ እጇን ይዘው አስገቧትና ወደ እኔ ዞሩ፦ «ዋናው አባል ከተገኘ ተወካይ አይገባም።»

ኧረ በሕግ አምላክ!

የሚያናድደው ደግሞ መቻሏ። ባይሳ «እትዬ አጸደ፣ ኧረ ቀስ!» ይላል፣ እሷ ትስባለች። ሳቋ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። አባዬ ከሞተ እንደዛ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ቀናሁ። አለቀስኩ። ሳቅኩም። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም።

የካቲት 9
ዳር። ለጎረቤት ሁሉ «እኔ የፊት ቀዛፊ ነኝ» እያለች ታወራለች። እኔስ ምን ነኝ? ጫማ ጠባቂ!

የካቲት 16
ጉባኤ፣ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር። ባይሳ አንቀጽ አራት ይሻሻል አለ። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ካልሆነ አይቀየርም። እጅ ወጣ። ጋሽ አረጋዊ እንኳን እያላባቸው፣ ቀስ ብለው አወጡ። ተነሥቼ ልጨፍር ስል... አንድ እጅ ጎደለ።

የእማዬ።

«እማዬ!?» «አልደግፍም» አለች፣ ኮስተር ብላ። ደንቡ ጸና። ስንመለስ ቄራ እስክንደርስ አላናገርኳትም። እሷው ጀመረች።

«ደንቡ ምን አጠፋ? የቤተሰብ ኃላፊ ነው የሚለው። ሁኚያ!»
«እንዴት አድርጌ?»
«ቤት ተከራዪ።»
«አንቺስ?»
«እኔ ምን ሆንኩ? ሩሐማ፣ እኔ እኮ የትም የማልሄደው አንቺ ከሥራ ስትገቢ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።»

እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ። ሦስት ዓመት! ከዛ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ሹፌሩ በመስታወት እያየን ነበር።

የካቲት 28
ላንቻ። አንድ ክፍል፣ ከጎኔ ጎማ ቤት፣ ፍራሽ መሬት ላይ። የእኔ ቤት! እየዞርኩ ግድግዳ ነካሁ። ጋሽ አረጋዊ ፎርሙን ራሳቸው ይዘው መጡ። የቤተሰብ ኃላፊ፦ ሩሐማ። የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ። ማኅተሙ ላይ «ሃ» ብለው ተነፈሱና መቱት። ከእሳቸው በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ካልሆንኩ።

የካቲት 30
ገባሁ! ከእማዬ ኋላ ነው ቦታዬ። አንዴ ግራዬን ስስት ሁለታችንም በሰበስን። መሀል ሐይቁ ላይ ስንደርስ፣ ሳትዞር «ቤትሽ ማታ እራት ምንድነው?» አለችኝ።
«ገና አላሰብኩም።»
«እንግዲያው ልምጣ?»
«ደውለሽ ነይ» አልኳት።
ጀልባው እስኪወዛወዝ ሳቀች።