ኮታቸውን ትተው የወጡት የክብር እንግዳ

ኢክራምዬ፣ እንዴት ነሽ? ሆሳዕና ያረፍኩት ጵርስቅላ የምትባል የሥዕል አስተማሪ ቤት ነው። ለትምህርት ቤቷ ቲያትር በጀርባ የሚታዘል የመብረሪያ ሞተር ሠርታለች፤ ሁለት የዘይት ጀሪካን፣ የተሰበረ ቡታጋዝና የሻወር ጎማ አገጣጥማ ነሐስ የሚመስል ቀለም ቀብታዋለች። ትናንት በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ የክብር እንግዳው አዩትና «ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» አሉ።

«አይበርም፤ የቲያትር ልብስ ነው» አለቻቸው።

አልሰሙም። ለፎቶ አዘሉትና ከሆሳዕና ዱራሜ በአየር ስለምንሄድበት ዘመን ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ የደረቱ ማሰሪያ አልፈታ አለ። አስተባባሪው መቀስ ይዞ ሲመጣ ጵርስቅላ ፊቱ ቆመች።

«ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው፤ አይቆረጥም። እሳቸው ከኮታቸው ይውጡ።»

አዲስ አበባ ቢሆን ማሰሪያውም ይቆረጣል፣ እሷም ይቅርታ ትጠይቃለች። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ በሁለት ሰው እየተጎተቱ ከኮቱ ወጡ። በሸሚዝ ብቻ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ኮቱን የሚጠይቅ እስካሁን አልመጣም። ቅዳሜ በቲያትሩ ተዋናዩ ሞተሩን ከነኮቱ አዝሎ መድረክ ይወጣል።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እትዬ ሃቢባን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ቅዳሜን ሳላይ ግን አልመጣም።

ሮዳስ