የነጣው ስንጥብ

አምቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሆቴሉ ዓሣ ስገዛ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጬ አያለሁ። ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ከነጣ ያደረ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓሣ አጥማጁን ኦቦ ፈይሳን ገበያ መሐል «ያደረ ነው የሚያመጡልኝ!» ብዬ አዋረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ፣ በሁዳዴ እንኳ፣ የሚገዛቸው ጠፋ።

ዛሬ አስጠርተውኝ ጉደር ወንዝ ወረድኩ። ከላይ እብነበረድ ማውጣት ከተጀመረ ወዲህ ውሃው ኖራ መስሏል። መረባቸውን ሲስቡ አንድ ዓሣ ብቻ እየተንፈራገጠ ወጣ። ስንጥቡን ገለጡልኝ፤ ነጭ ጭቃ ሞልቶታል።

«በይ ልጄ፣ ይኼም ያደረ ነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። እስካሁን ጨንቆኛል። ገበያ ወጥቼ እውነቱን ብናገር ከአጭበርባሪነት ስም ይወጣሉ። ግን ወንዙ እንዲህ መሆኑን ከሰማ በኋላ ዓሣቸውን ማን አፉ ያደርገዋል?