ደወሉን ቀድሞ ላጠፋ ሙሉ ነጥብ

ለልብ ክትትል ባለሙያዎች ማሠልጠኛና ምዘና ማዕከል
ክቡር ዋና ዳይሬክተር
በከፍተኛ አክብሮት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ ወንበርዎ ተመችቶዎት፣ የደም ግፊትዎ ተስተካክሎ፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደህና ሆኖ ታገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጎረቤት ኩርፊያ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ሠርግ ስላልተጠራ ዘመድ የምጽፍ ሴት እንጂ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ደጃፍ የምደርስ ሰው አልነበርኩም። ነገር ግን ታናሽ እህቴ ከማዕከልዎ የብቃት ምዘና «አላለፉም» ተብላ ከተመለሰች ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ ስለጠፋ፣ እኔም ወሬ አጥቼ መኖር ስለማልችል፣ ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ለማያውቁ አንባቢዎቼ ባጭሩ ልንገራቸው። የልብ ክትትል ባለሙያ ማለት የሕመምተኛው ደረት ላይ ገመድ አገናኝቶ፣ የልቡ ምት ስክሪን ላይ የሚያሰምረውን መስመር ዓይኑን ሳይነቅል የሚከታተል፣ መስመሩ ሲዛባ ወይም ደወሉ ሲጮኽ ደግሞ ለሕመምተኛው ፈጥኖ ደርሶ ሐኪም የሚጠራ ባለሙያ ነው። እህቴ ልብስ ስፌቷን እርግፍ አድርጋ ትታ የገባችው ወደዚህ ሙያ ነው። ለተግባር ልምምድ የተላከችበት ሆስፒታል ዋና ነርስ ሥራዋን አይተው፣ «ወንበሩን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዤልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የኔ ልጅ፣ እኔም አለቃ አለብኝ» ብለዋታል። እንግዲህ በእህቴና በዚያ ወንበር መካከል የቀረው የክቡርነትዎ ማኅተም ብቻ ነው። ቅሬታዎቼንም በትሕትና በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ለመሣሪያው ስለሚያደርጉት እንክብካቤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማዕከሉ ያለው አንድ የልብ መከታተያ መሣሪያ ሲሆን፣ እሱም አቧራ እንዳይነካው አበባ አበባ ያለበት ሽፋን ተሰፍቶለት፣ በላዩ ላስቲክ ተደርቦለት፣ የክፍሉ ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ተቀምጦ በክብር ይኖራል። ሠልጣኞች የሚያዩት በምዘና ዕለትና ጎብኚ መጥቶ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ቀን ነው። በዚህ ምክንያት እህቴ ልምምዷን በባሏ ደረት ላይ ለማካሄድ ተገደደች፤ የሸሚዝ ቁልፎችን በፕላስተር እየለጠፈች፣ ይህ እዚህ ጎን፣ ያ ከጡት በታች እያለች ታጠናለች። ባሏ አናጢ ነው፤ ደረቱ ደግሞ ምንጣፍ ያህል ፀጉር አለው። ፕላስተሩ በተላቀቀ ቁጥር የሚያሰማውን ጩኸት እኔ ከቤቴ ሆኜ ስለምሰማ፣ ጥናቷን ጨርሳ መተኛቷን የማውቀው በእሱ ጸጥታ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሸሚዙን ሲያወልቅ ደረቱ ላይ የተመለጡትን ክብ ክብ ቦታዎች አይተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ብል በላህ እንዴ?» ቢሉት፣ «ኧረ ሚስቴ ትምህርት ላይ ናት» ብሎ መለሰ። «ታዲያ ደብተሩ አንተ ነህ?» አሉት። እስከ ዛሬ በሠፈሩ ስሙ «ደብተሩ» ነው። ለዚህም ማዕከሉን እናመሰግናለን።

፪ኛ. ስለ ጸጥታ ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ። መሣሪያው ያለበት ክፍል ከመዝገብ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ደግሞ ራስ ምታት አለባቸው፤ እግዚአብሔር ይማራቸው። መሣሪያው ገና ሳይቆለፍበት፣ ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ደወሉ ሲጮኽ ግድግዳውን በጫማቸው ተረከዝ ይደበድቡ ነበር አሉ። አሠልጣኙ ሰው አክባሪ ስለሆኑ ሠልጣኞችን ያስተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት የትኛው የልብ ክፍል ደም እንደሚገፋ ሳይሆን፣ የትኛው ቁልፍ ደወሉን እንደሚያጠፋ ሆነ። ሠልጣኞቹም «ቀስበሉ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ምክንያቱም ትምህርቱን የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም «ቀስ በሉ፣ ወይዘሮዋ ይሰማሉ» እያሉ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ይሉኝታ ነበር፤ ማን ጎረቤቱን ማስቀየም ይወዳል? ዳሩ ግን ይሉኝታ ማኅተም ሲያርፍበት መመሪያ ይሆናል። የምዘናው ቅደም ተከተል ሲጻፍ፣ ቀስበሉ ሁልጊዜ ያስተማሩት እንዳለ ተገለበጠና፣ አንደኛ፦ ደወሉን ማጥፋት፣ ሁለተኛ፦ ሰዓቱን መጻፍ፣ ሦስተኛ፦ መስመሩን ማንበብ ተብሎ ጸደቀ። ሕመምተኛው አራተኛ ነው። ተራውን እስኪያገኝ ካልቸኮለ ይደርሰዋል።

፫ኛ. ስለ ምዘናው ዕለት። በዚያን ቀን ሕመምተኛ ሆነው አልጋ ላይ የተኙት የማዕከሉ ሹፌር ነበሩ፤ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሥራውንም ወደውታል፣ ወዲያው አንኮራፉ። ፈታኙ በአንሶላው ሥር እጃቸውን ሰደድ አድርገው አንዱን ገመድ ይነቅላሉ፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ደወሉ ይጮኻል፤ ተፈታኙም ቁልፉን ጫን፣ ሰዓቱን ጻፍ፣ መስመሩን አንበብ አድርጎ አመስግኖ ይወጣል። እህቴ ተራዋ ሲደርስ ደወሉ እንደጮኸ ወደ አልጋው ሮጣ የሰውየውን ትከሻ ያዘችና፣ «ጋሼ! ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አለች። ሹፌሩ ብድግ ብለው፣ «ምነው? ምን ሆንኩ?» አሉ። ደህና መሆናቸውን አየች፤ የተነቀለውን ገመድ አግኝታ መለሰች፤ መስመሩ ሲስተካከል ደወሉም በራሱ ጊዜ ዝም አለ። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «እሱ መቼ ጠፋ?» አሉ። «ማን?» አለች። «ደወሉ!» ውጤቱም እንደሚከተለው ነው፦ ደወሉን ባለማጥፋት፣ ዜሮ፤ ሕመምተኛውን ያለ አግባብ በመቀስቀስ፣ ተቀናሽ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ካልተሟላ የቀሩት ስለማይታሰቡ፣ ወድቃለች። ሹፌሩ ግን ኮሪደሩ ላይ ደርሰውባት፣ «እህቴ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስሞት አረፈድኩ፤ ደህና ነህ ወይ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» ብለዋታል። ይህ አስተያየት ነጥብ እንደማይሰጠው ተነግሮናል።

፬ኛ. ስለ ቅሬታ ሰሚው ክፍል። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢንገዳገድ ይቅር ይበሉኝ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመጠየቅ ሄዳ የጠበቃት ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት ነው። የክፍሉ ባለሙያ ማስቲካ እያኘኩ፣ «የኔ እመቤት፣ ደወሉ እኮ ሰው ይረብሻል!» አሏት። እህቴም፣ «ሰው እንዲረብሽ አይደል እንዴ የተሠራው?» አለቻቸው። ባለሙያዋ ማኘካቸውን አቆሙ፤ አሰቡ፤ ከዚያ፣ «እሱን የሚወስነው የበላይ አካል ነው» ብለው ማኘካቸውን ቀጠሉ። ክቡር ሆይ፣ የበላዩ አካል እርስዎ ነዎት። ሦስት ጊዜ ደጅዎ ብትመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ስብሰባው የእርስዎና የጋዜጣዎ እንደነበረ አይታለች። እንግዲህ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ምናልባት ወሬው ሳይደርስዎ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው በአደባባይ መጮኼ።

፭ኛ. አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። አምስተኛው ሊነገር የሚገባው የእኛ የቤተሰቡ ነገር ነው። የድጋሚ ምዘናው በመጪው ሳምንት፣ ወሩ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ተሰብስበን መከርናት። ባሏ፣ ያ የተመለጠው ምስኪን፣ «አንዴ ቁልፉን ጫኚላቸውና ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ፤ ሆስፒታል ስትገቢ እንደፈለግሽ ትሠሪያለሽ» አላት። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓለምን አንቺ አታቀኚያት፤ ጣትሽ ነው የሚጫን፣ ነፍስሽ አይደለም» አልኳት። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጣቷን እያየች፣ «እታለም፣ እነሱ ፊት እየደጋገምኩ ከተለማመድኩት እጄ ይለምደዋል። እጅ አንዴ ከለመደ የምር የታመመ ሰው ሲተኛ ማን ያስረሳዋል?» አለችኝ። እኔም ብዕሬን አንስቼ ይህችን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን የምንጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ አራተኛውን ሰው አንደኛ ያድርጉት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ጽሑፍና የመዝገብ ቤቱን ወይዘሮ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ብቻ ነው። አለዚያ ደግሞ ዜሮዋን ከወዲሁ ጽፈው ያዘጋጁልን፤ ምክንያቱም እህቴ በመጪው ሳምንት ትመጣለች፣ ደወሉ ይጮኻል፣ እሷም እንደገና መጀመሪያ ወደ ሰውየው ትሮጣለች። ወንበሩ ለሌላ እንደሚሄድ እያወቀች ነው። ፈታኙ ጊዜያቸውን እንዳያባክኑ ብለን ነው አስቀድመን ያሳወቅነው።

ጸጥታን ከእስትንፋስ አስቀድሞ ለሚጠብቅ ማዕከል በሚገባ አክብሮት፣ መልስዎን ከስብሰባና ከጋዜጣ በሚተርፍዎ ሰዓት በትዕግሥት የምትጠባበቅ፣

የአንዲት ያላለፈች ተፈታኝ ታላቅ እህት

ከፊርማ በኋላ፦ ወሬ አላሳልፍም ብዬ አልዋሽዎትም። ትናንት ፀጉር ቤት ካስኩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለ፣ በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ሴት ከእርስዎ ስም በፊት «እባካችሁ እንዳትናገሩ» ብላ እንደነገረችን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለልብ ምርመራ ተኝተው እንደሚያድሩ ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ያሽርዎ። ዋናዋን ነርስ ጠጋ ብለው፣ «ስክሪኑ ላይ የሚቀመጠው የእኛ ምሩቅ ባይሆን ደስ ይለኛል» ማለትዎንም ሰምተናል። ነርሷ ወዲያው ያሰቡት እህቴን ነበር። ነገር ግን የክቡርነትዎ ማኅተም የሌለው ሰው ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ መመሪያዎ ስለሚከለክል፣ በምዘናው ሙሉ ነጥብ ያገኘው ጎበዝ ተመድቦልዎታል። እጁ እጅግ ፈጣን ነው ይሉታል። ይተኙ፤ የሚረብሽዎ ድምፅ አይኖርም።