ለስመ ጥሮች አመድ ስለተከለለው ሜዳችን

ለክቡር ዶክተር ሃርላን ፕሪድሞር
የቴልፎርድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት
ቴልፎርድ፣ አዮዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸንፎ ሰኞ ሰኞ ልምምድ ለሚገባው ቡድናችን ለጃርቶቹ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ዴልበርት ኦስትሩም እባላለሁ፤ የኮሌጁን የፉትቦል ሜዳ ሳር ሳበቅል፣ ሳጭድና መስመሩን ስቀባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሁልጊዜ ጎንበስ ብዬ ስለምገኝ ምናልባት የሚያውቁኝ ከጀርባዬ ይሆናል።

ደብዳቤዬን በከተማው ጋዜጣ ያወጣሁት በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ሦስቱ የት እንደገቡ ስላላወቅሁ ነው። ኮሌጁ አምና ባወጣው መመሪያ፣ ስመ ጥር ምሩቃን ሞተው አስከሬናቸው ሲቃጠል አመዳቸው ሜዳው ላይ እንዲበተን ተፈቅዷል። ባለቤቴ ማርቪስ በመጋቢት ወር ዐርፋለች። እሷም የዚሁ ኮሌጅ ምሩቅ ናት፤ የተናዘዘችውም ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን ስመ ጥር አይደለችም ተብላ ተከለከለች። እንግዲህ መመሪያው ያሳደረብኝን አድናቆት በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ፍራሽ ነጋዴውን ሚስተር ጌይሎርድ ስታምፕን ነፍስ ይማር። ሟቹ በማስታወቂያቸው ሁሉ የጃርቶቹን ቆብ አድርገው ፍራሽ ላይ ተጋድመው ይታዩ ስለነበር ታማኝነታቸውን የሚጠራጠር የለም። ቤተሰባቸው አመዱን የበተነው ነፋስ በበረታበት ቀን ነበርና ግማሹ ሜዳው መሃል ሲያርፍ፣ ግማሹ የማርሽ ባንዱ ትልቁ ጥሩምባ ውስጥ ገባ። ጥሩምባ ነፊዋ ወፍራሙን ድምፅ ስታወጣ እስከ ዛሬ ያስላታል። ሜዳው ላይ ያረፈው ደግሞ ሳሩን ገደለው፤ የሰው አመድ ጨው አለውና አንድ ቦታ ላይ እንዲሁ ከተደፋ ያቃጥላል። ይህንን በጽሑፍ ባመለክት መልስ ይሆነኝ ዘንድ አንድ ባልዲ አረንጓዴ ቀለም ተላከልኝ። ቀባሁት።

፪. በመስከረም ወር የተጋጣሚያችን ኳስ መቺ እዚያ የተቀባው ቦታ ላይ አንሸራትቶት በጀርባው ተዘረጋ፤ እኛም በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ድል አገኘን። ኮሌጁ ሟቹን የሳምንቱ ምርጥ ተጫዋች አድርጎ ሲመርጥ ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። አሠልጣኙም ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ከቡድኑ ውስጥ ቦታውን የማይለቅ እሱ ብቻ ነው ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

፫. ከሚስተር ስታምፕ ጎን ያለው ትክክለኛው መሃል፣ በቴሌቪዥን መርማሪ ፖሊስ ሆነው ለሚሠሩት ለሚስተር ብሮክ ታናሂል ተይዟል። ሚስተር ታናሂል በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ኮሌጃችን ውስጥ የቆዩት አሥራ አንድ ሳምንት ቢሆንም ፍቅሩ አልለቀቃቸውም፤ ስለ እኛ በተጠየቁ ቁጥር እንባቸው ይመጣል። ባለፈው ወር «የምወዳችሁ ሽኮኮዎቼ» ብለው በመላው አገር ፊት ሲያለቅሱ፣ እኛ ጃርቶች መሆናችንን የሚነግራቸው አንድ ሰው ጠፋ። ነሐሴ ላይ ቦታቸውን ሊያዩ መጥተው ነበርና ከነነጭ ኮታቸው ተጋደሙበት፤ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ እየገባች ስላስቸገረቻቸውም ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። አመድ ሲሆኑ ያን ያህል እንደማያስቸግራቸው ነግሬ አጽናናኋቸው። ኮታቸው ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም በተመለከተ ከጠበቃቸው የደረሰኝን ደብዳቤ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፬. ይህችን ቁጥር ላሳጥራት ሞክሬ አልሆነልኝም። ማርቪስ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመርቃ አርባ ሦስት ዓመት የአራተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስተማረች። በደቡቡ ጥግ፣ ረድፍ አሥራ ሁለት ላይ እየተቀመጠች፣ እዚህ ከተደረገ ጨዋታ አንድም አላመለጣትም፤ ጃርቶቹ ሃያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፉ ሃያ ሁለቱንም አይታለች። ሠርጋችን እንኳ ዐርብ የሆነው ቅዳሜ ጨዋታ ስለነበረ ነው። በመጨረሻው ዓመቷ የኦክስጅን ቱቦዋን ከአፍንጫዋ ነቅላ ዳኛውን ትሰድብና መልሳ ትሰካው ነበር። ሆስፒታል ሳለች እጄን ይዛ «ዴል፣ መቃብር ውስጥ ውጤቱን ማን ይነግረኛል? ሜዳው ላይ አድርገኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት።

ወደ ምሩቃን ጉዳይ ቢሮ ሄድሁ። ያስተናገደችኝ ወጣት ጨዋ ናት፤ ወንበር ስባልኝ «ባለቤትዎ በምን ይታወቃሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። አሰብሁና በድምጿ አልኋት። ቅጹ ላይ ግን ለድምፅ የተተወ ቦታ አልነበረም፤ ቴሌቪዥን፣ ህዋ፣ ትልቅ ኩባንያ፣ ከዚያ በታች «ሌላ» ይላል። «ሌላ» በሚለው ላይ «አንድም ቀን አልቀረችም» ብዬ ሞላሁ። በአሥረኛው ቀን ስመ ጥርነቷ አልተረጋገጠም የሚል ምላሽ መጣልኝ። በዚያው ሳምንት ከዚያው ቢሮ፣ በእሷ ስም፣ የዘንድሮውን የሜዳ ወንበሯን ከፍላ እንድታድስ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ደረሰን፤ «ውድ ማርቪስ፣ ያለ እርስዎ ኮሌጃችን ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አነበብኋቸው። ክቡር ዶክተር፣ ይህንን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ለኦስትሩም ቤተሰብ፣ በደቡቡ ጥግ ከረድፍ አሥራ ሁለት ፊት ለፊት፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እለምናለሁ። ስፋቱ ከአንድ ባርኔጣ አይበልጥም። ካሜራ ስለማይደርስበት የሚሻማን ዝነኛ አይኖርም።

ለሞቱት ስመ ጥሮች ቀለም እያዘጋጀሁ፣ ላልሞቱት ፀሐይዋን የማዞርበትን ዘዴ እያሰላሰልሁ፣ መልካም ፈቃድዎን በታላቅ ትዕግሥት የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ ዴልበርት ኦስትሩም
በምንም የማይታወቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደቡቡ ጥግ ሳር ዘንድሮ ምን አግኝቶ እንዲህ እንዳማረ ባለፈው ሳምንት ቢጠይቁኝ መልስ ሳልሰጥዎ በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አመድ በአንዴ ካልተደፋ፣ ከብስባሽና ከአሸዋ ጋር ጥቂት ጥቂት እየተባለ ከተቀላቀለ ሳር አይገድልም፤ ሥራው ግንቦትን በሙሉ ፈጅቶብኛል። ማርቪስ ፈቃድዎን አልጠበቀችም። ቦታውን የለመንሁት ለራሴ ነው፤ ጊዜዬ ሲደርስ እንደዚያ አድርጎ አጠገቧ የሚቀላቅለኝ ሰው የለኝምና፣ እርስዎ ከወዲሁ እንዲለማመዱ አንድ ጆንያ ብስባሽ ቢሮዎ በር ላይ አስቀምጫለሁ።